ውል የቱ ነው? ስለ አንድ ቃል የሚሳቱ ነገሮች

ወሎ ውስጥ ሴቶች የፈተሉት ክር ሲወሳሰብ «ውሉ ጠፋ» ይላሉ። ውል የልቃቂቱ ጫፍ ነው፤ እሱ ከተገኘ ቀሪው ይፈታል። ስምምነትን በዚሁ ቃል መጥራታችንን እወደዋለሁ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ጫፍ ይዘዋል ማለት ነውና።

«ውል ማለት የተፈረመ ወረቀት ነው።»
አይደለም። አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ ለማረስ ሲስማሙ፣ የማን ማሳ እንደሚቀድም ሲነጋገሩ፣ ውል አስረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ (ቁጥር 1719) የተለየ ፎርም ካልታዘዘ በቀር የቃል ውልንም ያጸናል። ይህን ሰምቶ ቤት በቃል የሚገዛ ሰው ግን ያሳዝነኛል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆን አለበት (ቁጥር 1723)፤ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበታል (ቁጥር 1727)። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቤት የምትገዙ፣ እባካችሁ በመተማመን ብቻ ገንዘብ አትቁጠሩ።

«ዝም ካለ ተስማምቷል።»
በመርህ ደረጃ ዝምታ መቀበል አይደለም (ቁጥር 1682)።

«‹አገሬ ውል አለኝ› የሚለውም ያው ቃል ነው።»
እዚያ ላይ ትርጉሙ ትዝታ ነው። ውለታም ሌላ ነው፤ ውለታ የዋለ ሰው አልተዋዋለም።

«የውጫሌን ውል ያፈረሰው አድዋ ነው።»
ይህ ስህተት በተለይ ይቆረቁረኛል፤ ውሉ የተፈረመው እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነውና። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ 20 አንቀጾች ተዋዋሉ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ሮም ግን ጣሊያንኛውን ይዛ ግዴታ ነው አለች፤ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗንም ለአውሮፓ አስታወቀች። ውሉ የጠፋው ያኔ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን የያዘው ጫፍ ለየብቻ ሆነ። ምኒልክ መጀመሪያ ያነሱት ጦር ሳይሆን ብዕር ነበር፦ ተቃውሟቸውን በደብዳቤ ገለጹ፣ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን መሻራቸውን ለመንግሥታቱ አሳወቁ። የአድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ጣሊያንም የውጫሌውን መሻር ተቀበለች።