ቶማቶሜትር ምንድን ነው? «አርኬን» መቶ ደፈነ ሲባል

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከልኝ። ቀይ ቲማቲም፣ ከጎኑ 100%። ከሥሩ «መቶ ደፍኗል እኮ! አታካብድ» ይላል። «አርኬን» ስለተባለው የኔትፍሊክስ አኒሜሽን ተከታታይ ሁለተኛ ሲዝን ነው። መጨረሻው ላይ ተጣድፏል ብዬው ስለነበር አፌን ማስያዙ ነው።

ያ ቁጥር ቶማቶሜትር ይባላል። የሚያወጣው ሮተን ቶማቶስ የተባለው ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ነው የተጀመረው። ስሙ «የበሰበሱ ቲማቲሞች» ማለት ነው። ድሮ መድረክ ላይ ያላማረበትን ተዋናይ ተመልካቹ በቲማቲም ይለው ነበር አሉ።

ድረ ገጹ ራሱ ነጥብ አይሰጥም። የባለሙያ ሐያስያንን ጽሑፎች ይሰበስብና እያንዳንዱን ከሁለት በአንዱ ይመድባል፤ ወይ ወዶታል፣ ወይ አልወደደውም። ለወደደው ቀይ ቲማቲም፣ ላልወደደው ተፈጥፍጦ የፈሰሰ አረንጓዴ። ከዚያ ከመቶው ስንቱ ወደደው? ቶማቶሜትር ይኸው ነው። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራው ቀይ ቲማቲም ያገኛል።

ችግሩ እኛ መቶ ሲባል ትዝ የሚለን የሒሳብ ፈተና መሆኑ ነው። ይሄ ግን እጅ አስወጥቶ መቁጠር ነው። አሥር ሐያስያን አንድ ፊልም አዩ እንበል። አሥሩም «ደህና ነው፣ ይታያል» ብለው ከ10 ስድስት ስድስት ሰጡት። ቶማቶሜትሩ 100% ይላል። ሌላ ፊልም ደግሞ ዘጠኙ በደስታ አብደው አሥር ከአሥር ሰጡት፣ አንዱ ብቻ አልጣመውምና አራት ሰጠ። ይሄኛው 90% ነው። በፈተና ሒሳብ ቢሆን የመጀመሪያው 60፣ ሁለተኛው 94 ያመጣ ነበር። አማካይ ነጥብ የሚፈልግ ሰው ሜታክሪቲክ የተባለውን ሌላ ድረ ገጽ ቢያይ ይሻለዋል።

ታዲያ የ«አርኬን» መቶ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ከቪዲዮ ጌም የተሠራ ነገር ለዓመታት መሳቂያ ነበር፤ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ከጌም የተሠራ የሆሊውድ ፊልም ቀይ ቲማቲም ማግኘቱ ብርቅ ነው። «አርኬን» ደግሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከተለቀቀው «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» ነው፤ ታሪኩን ለመከታተል ትዕግሥት የሚጠይቅ ጌም። የጌሙ ባለቤት ራዮት ጌምስ ሥራውን ፎርቲሽ ለተባለ የፓሪስ ስቱዲዮ ሰጠው፤ በኅዳር 2021 ኔትፍሊክስ ላይ ሦስት ሦስት ክፍል እየተባለ በሦስት ሳምንት ተለቀቀ።

የመጀመሪያዋን ትዕይንት ብቻ ማየት ይበቃል። ድልድይ ላይ ሬሳ ተረፍርፏል፣ አየሩ በጭስ ቀልቷል። ሁለት እህትማማች ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ያልፋሉ። ቫንደር የሚባል ግዙፍ ሰው በብረት ጓንት ጸጥታ አስከባሪ እየደበደበ ሳለ ያያቸዋል። ጓንቶቹን መሬት ላይ ጥሎ ልጆቹን ያቅፋል። ጌሙን በሕይወትህ ነክተህ አታውቅ ይሆናል፤ ጓንቶቹ ሲወድቁ ግን ይገባሃል። ሐያስያኑ ደጋግመው ያነሱትም ይህንኑ ነው፦ ጌሙን ማወቅ አይጠይቅም፣ ምስሉ በእጅ የተቀባ ሥዕል ይመስላል። በ2022 ኤሚ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ የምርጥ አኒሜሽን ፕሮግራም ሽልማትን ወሰደ፤ ከስትሪሚንግ የመጣ ሥራ ይህን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ሲዝን በኅዳር 2024 መጣ። እሱም ቀይ፣ እሱም መቶ። ግን ጽሑፎቹን ከፍተህ ብታነብ ውስጣቸው ቅሬታ አለ፦ ብዙ ታሪክ በዘጠኝ ክፍል ታጭቋል፣ ትንፋሽ አይሰጥም። ሐያሲው ይህን ሁሉ ጽፎ ሲያበቃ «ቢሆንም ግሩም ነው» ካለ ድምፁ ቀይ ተብሎ ይቆጠራል። ቅሬታው ጽሑፉ ውስጥ ይቀራል፤ ቁጥሩ ላይ አይደርስም።

ደግሞ እጅ ያወጣው ስንት ሰው ነው? ለትልቅ የሲኒማ ፊልም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐያስያን ይጽፋሉ። ለአኒሜሽን ተከታታይ ግን በአሥሮች ቢሆኑ ነው፤ ሁለተኛ ሲዝን ድረስ የሚዘልቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያውኑ የወደደው ሰው ነው። የጠላውማ ትቶት ሄዷል። ብዙ ተከታታይ ላይ እንደሚሆነውም፣ ሐያስያን አስቀድሞ በተላከላቸው ጥቂት ክፍሎች ብቻ ፈርደው የሚጽፉበት ጊዜ አለ።

የተመልካቹ ውጤት ለብቻ ነው። ከ2024 ወዲህ ፖፕኮርንሜትር ይሉታል። ከ5 ኮከብ 3.5 እና ከዚያ በላይ የሰጠው ተመልካች ከመቶ ስንት ነው የሚለውን ይቆጥራል። እሱም እጅ ቆጠራ ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ በድምፅ ቀድቼ ላክሁለት። «ተጣድፏል» የሚል የአንድ ሐያሲ ጽሑፍም ከዚያው ገጽ አውጥቼ ጨመርኩለት። ትንሽ ቆይቶ መለሰ።

«ግን ቀይ ነው አይደል?»