ስለ ኩዌከሮች ሰላም፣ ፍትሕና የአውሮፓ ፖለቲካ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ከቆየች በኋላ፣ ጆርጅ ፎክስ የተባለ ሰባኪ አንድ የእምነት እንቅስቃሴ አስጀመረ። ተከታዮቹ ራሳቸውን «የወዳጆች ሃይማኖታዊ ማኅበር» ብለው ይጠራሉ፤ «ኩዌከር» ወይም «ተንቀጥቃጭ» የሚለው ስም ግን ባላጋራዎቻቸው ሊያሾፉባቸው ያወጡላቸው ቅጽል ነው። በአውሮፓ ቁጥራቸው ጥቂት ሆኖ ሳለ የሰላም ነገር በተነሣ ቁጥር ስማቸው አብሮ ይነሣል፤ ስማቸው በተነሣበት ሁሉ ደግሞ ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ይደጋገማሉ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የአጃው ድርጅት የእነርሱ ነው»

አይደለም። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሥዕል ያለበት ኩዌከር አጃ ከማኅበሩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ በ1877 በአሜሪካ የንግድ ምልክቱን ያስመዘገቡት ነጋዴዎች የተጠቀሙት በኩዌከሮች የሐቀኝነት ዝና ነው። በአንጻሩ ካድበሪ፣ ራውንትሪና ፍራይ የተባሉትን የእንግሊዝ ቸኮሌት አምራቾች የመሠረቷቸው በእርግጥም የኩዌከር ቤተሰቦች ናቸው።

«ሰላም ወዳድ ስለ ሆኑ ከፖለቲካ ይርቃሉ»

ይህ ከሁሉም የተስፋፋው፣ በእኔ አስተያየትም ከሁሉም የራቀው ስህተት ነው። ኩዌከሮች ጦርነትን እንደማይቀበሉ በይፋ ያሳወቁበት መግለጫ ራሱ ለንጉሥ የቀረበ የፖለቲካ ሰነድ ነበር። በጥር 1661 በለንደን አንድ አክራሪ ቡድን በዳግማዊ ቻርልስ መንግሥት ላይ በትጥቅ ሲነሣ፣ በነገሩ እጃቸው ያልነበረበት ኩዌከሮች በሺዎች ታፍሰው ታሰሩ፤ ፎክስና ባልንጀሮቹም በማንኛውም ዓላማ ስም መሣሪያ አንሥተው እንደማይዋጉ የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅተው ለንጉሡ አቀረቡ። እምነታቸው እንደ ሆነ ሁሉ፣ ከእስር ለመውጣት የቀረበ መከራከሪያም ነበር።

ከሠላሳ ዓመታት ያህል በኋላ፣ ፈረንሳይና ተቃዋሚዎቿ ከ1688 ጀምሮ በሚዋጉበት ጊዜ፣ በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ መሥራች የሆነው ኩዌከር ዊልያም ፔን በ1693 ለአውሮፓ ሰላም የሚሆን ዕቅድ አሳተመ። መንግሥታት ጠባቸውን የሚዳኝ የጋራ ጉባኤ እንዲያቋቁሙ፣ የመቀመጫው ብዛት በየአገሩ ሀብት ልክ እንዲደለደል፣ ለምሳሌ ጀርመን 12፣ ፈረንሳይ 10፣ እንግሊዝ 6 እንዲኖራቸው ሐሳብ አቀረበ። ጉቦ እንዳይሠራ ድምፁ በምስጢር እንዲሰጥ፣ ልዑካኑም ማን ይቅደም በሚል እንዳይጣሉ አዳራሹ ክብ ሆኖ ብዙ በር እንዲኖረው እስከማሰብ ደርሶ ነበር። ቱርኮችና ሩሲያውያን በጉባኤው ቢገኙ ተገቢ መሆኑን የጻፈውም በዚያ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ይህን ዕቅድ ፍጹም የሰላማዊነት ሰነድ አድርጎ ማቅረብም ሌላ ስህተት ነው፤ የጉባኤውን ብያኔ እምቢ ያለውን መንግሥት የቀሩት ኃይላቸውን አስተባብረው እንዲያስገድዱት ይፈቅዳልና። በ1710 ጆን ቤለርስ የተባለ ሌላ ኩዌከር አውሮፓን በመቶ እኩል ክፍለ ግዛቶች የሚያዋቅር ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ።

ከፖለቲካ ርቀው የታዩበት ዘመን ቢኖር እንኳ ምክንያቱ በከፊል ሕጉ ነበር። ኩዌከሮች «ነገራችን እውነት ከሆነ መማል ለምን?» ብለው መሐላ ስለማይፈጽሙ ወደ ምክር ቤት የሚያስገባው በር ተዘግቶባቸው ቆይቷል፤ በ1832 የተመረጠው ጆሴፍ ፒስ በመሐላ ፈንታ ቃሉን ብቻ ሰጥቶ በእንግሊዝ ፓርላማ እንዲቀመጥ የተፈቀደለት በ1833 ነው።

«ጦርነትን መቃወም በበዳይና በተበዳይ መካከል መሃል ሰፋሪ መሆን ነው»

እንግሊዝ በክሪሚያ ጦርነት ከሩሲያ ጋር ልትገጥም ስትል፣ በ1854 መጀመሪያ፣ ጆሴፍ ስተርጅ፣ ሮበርት ቻርልተንና ሄንሪ ፒስ የተባሉ ሦስት ኩዌከሮች በክረምቱ ብርድ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተጉዘው የሩሲያውን ዛር ቀዳማዊ ኒኮላስን አነጋገሩ። ዛሩ በአክብሮት ተቀበላቸው፤ ጦርነቱ ግን አልቀረም። በፓርላማው ውስጥ ጦርነቱን አጥብቆ የተቃወመው ኩዌከር ጆን ብራይትም በ1857 የማንቸስተር መቀመጫውን አጣ። የዋሆች ናቸው የሚለው ትችት ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቀድማለሁ፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በፊንላንድ የባሕር ዳርቻ መንደሮችና መጋዘኖች ላይ ጉዳት አድርሶ ስለ ነበር፣ ስተርጅ ሰላም ከወረደ በኋላ በ1856 ወደ ስፍራው ሄዶ ጉዳቱን ተመለከተ፤ የእንግሊዝ ኩዌከሮችም የገዛ አገራቸው መርከቦች ላደረሱት ጥፋት ገንዘብ አዋጥተው ፊንላንዳውያንን ረዱ። መሃል ሰፋሪ የገዛ ወገኑን ጥፋት በስሙ ጠርቶ ካሣ አያዋጣም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በተሸናፊዋ ጀርመን የኩዌከሮች የምገባ ሥራ በ1921 በቀን እስከ አንድ ሚሊዮን ለሚደርሱ ሕፃናት ምግብ ያቀርብ ነበር። በኅዳር 1938 በጀርመን አይሁድ ላይ ጥቃት ከተፈጸመ በኋላ፣ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች፣ አብዛኞቹ አይሁዳውያን፣ ወደ ብሪታኒያ የተወሰዱበትን ሥራ ከአይሁድ ድርጅቶች ጋር ሆነው ካከናወኑት መካከል ኩዌከሮች ይገኙበታል። በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለብሪታኒያና ለአሜሪካ ኩዌከሮች የእርዳታ ድርጅቶች የተሰጠው በዚህ ዓይነቱ ሥራቸው ነው።

«ኩዌከር ሆኖ የዘመተ የለም»

በ1916 ብሪታኒያ የግዴታ ውትድርና ስታውጅ ሕጉ በኅሊና ምክንያት ለሚቃወሙ ሰዎች ቀዳዳ ትቶ ነበር። ሆኖም ለውትድርና ዕድሜያቸው ከደረሰ የብሪታኒያ ኩዌከር ወንዶች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ በዚያ ጦርነት ወደ ሠራዊቱ ገብተዋል። ሌሎቹ ደግሞ በአንድ መንገድ አልሄዱም፤ ከፊሎቹ ታሰሩ፣ ከፊሎቹ ቁስለኛ በሚያነሣው የወዳጆች አምቡላንስ ጓድ ውስጥ አገለገሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ቁስለኛን ጠግኖ ወደ ግንባር መመለስ ያው ጦርነቱን መርዳት ነው ብለው ይህንንም ነቀፉ። ጓዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደገና ተቋቁሞ ከደረሰባቸው አገሮች አንዷ ጣልያን የተባረረላት ኢትዮጵያ ነበረች፤ አባላቱም በሕክምና ሥራ ተሰማርተው ነበር።

«በፍትሕ ጉዳይ ሁልጊዜ ከሌላው ቀድመዋል»

ይህ ወዳጆቻቸው የሚያሰራጩት ስህተት ነው። በ1787 በለንደን የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ከተቋቋመው ኮሚቴ 12 መሥራቾች ዘጠኙ ኩዌከሮች እንደ ነበሩ እውነት ነው። ነገር ግን የሰላም ዕቅድ የነደፈው ፔን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ ቤንጃሚን ሌይ የተባለው ኩዌከር ደግሞ ባሪያ የሚያሳድሩ ወንድሞቹን በአደባባይ በማሳፈሩ በ1738 ከፊላደልፊያ ማኅበር ተገልሏል። እስረኛ ለብቻው ተዘግቶበት ንስሐ እንዲገባ የሚያደርገው የፔንሲልቬንያ እስር ቤት አሠራርም የኩዌከሮች በጎ ሐሳብ አሻራ አለበት፤ ውጤቱ ብዙ ሰዎችን አእምሯቸውን የጎዳ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

«ብራስልስ የሄዱት ለራሳቸው ቤተ እምነት ሊሟገቱ ነው»

የኩዌከሮች የአውሮፓ ጉዳዮች ምክር ቤት በ1979 በብራስልስ ሲቋቋም የተነሣበት ዓላማ ሰላምንና ሰብዓዊ መብትን በሚመለከቱ ጉዳዮች የአውሮፓ ተቋማትን ማነጋገር ነበር። ከአሠራሩ አንዱ ባለሥልጣናትንና የሲቪል ማኅበራት ሰዎችን ስማቸው በማይጠቀስበት ጸጥተኛ ውይይት በአንድ ጠረጴዛ ማገናኘት ሲሆን፣ ይህም ለጋዜጣ የሚሆን ወሬ ስለማያወጣ ሥራ የለም የሚል ግምት ያስከትላል።

ለማን እንደሚሟገቱ የሚያሳየው ጥሩ ምሳሌ ባያትያን በአርሜኒያ ላይ ያቀረበው ክስ ነው። ከሳሹ በውትድርና እምቢታ የታሰረ የይሖዋ ምሥክር እንጂ ኩዌከር አልነበረም፤ የኩዌከሮች የዓለም አማካሪ ኮሚቴ ግን ከአምነስቲ ኢንተርናሽናልና ከሌሎች ጋር ሆኖ ለስትራስቡርጉ የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የጽሑፍ አስተያየት አቀረበ። በሐምሌ 2011 ታላቁ ችሎት በ16 ድምፅ ለ1 በኅሊና ምክንያት ውትድርናን እምቢ ማለት በእምነት ነጻነት ጥበቃ ሥር ሊወድቅ እንደሚችል ወሰነ፤ ከዚያ በፊት የነበረው አቋም ይህን አይቀበልም ነበር።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ክርክሩ ወደ ገንዘብ ዞሯል። የአውሮፓ ኅብረት ውል ወታደራዊ ዘመቻ በጋራ በጀት እንዳይከፈል ስለሚከለክል፣ አባል አገራቱ በ2021 ከበጀቱ ውጭ «የአውሮፓ የሰላም ፋሲሊቲ» የተባለ ቋት አቋቋሙ፤ በየካቲት 2022 ለዩክሬን ለሚሰጥ ገዳይ የጦር መሣሪያ ወጪ እንዲሸፈን የተወሰነው ከዚሁ ቋት ነው። የብራስልሱ የኩዌከሮች ቢሮ ኅብረቱ ወደ ወታደራዊ ወጪ ማዘንበሉን ከተቹት መካከል ነበር፤ የተወረረን ሕዝብ ያለ መሣሪያ እንዴት መርዳት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ግን ለኩዌከሮቹ ለራሳቸውም ቀላል አልሆነም። በስብሰባቸው ድምፅ አይቆጠርም፤ ጸሐፊው የጉባኤውን ስሜት አድምጦ ቃለ ጉባኤ ያረቃል፣ ስምምነት ካልታየም ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቆያል።