ዛሬ ነገ ማለት ስንፍና አይደለም፤ እና ሌሎች የሰለቹኝ ሰበቦች

ሥራዬ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር ነው። ሰኔ በተቃረበ ቁጥር ወራት ጠፍቶ የከረመ ተማሪ በሬን ገርበብ አድርጎ ይቆምና «ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሰንፌ ነው» ይለኛል። ሐቁን ተናዝዞ የተገላገለ ይመስለዋል። ከሰበቦች ሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን ይኸው ነው፤ ትክክል ስላልሆነ፣ ደግሞም መፍትሔ ስለሌለው።

«ስንፍና ነው።» አይደለም። ሰነፍ ሰው ባለመሥራቱ እንቅልፍ አያጣም። ዛሬ ነገ የሚል ሰው ግን ቡና ሲጠጣም፣ ለቅሶ ቤት ሲቀመጥም ያው ሥራ ከራሱ አይወጣም። አንዲት ተማሪዬ መረጃዋን ሰብስባ ከጨረሰች በኋላ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመች። በዚያው ወቅት የጓደኞቿን መጠይቆች ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ አስገብታላቸዋለች፤ የእኅቷን ሰርግ ከድግሱ እስከ መጥሪያው አሰናድታለች፤ የዋቢ መጻሕፍቷን ዝርዝር ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር አስተካክላለች። ኮሪደር ላይ ከሩቅ ስታየኝ ግን ወደ ደረጃው ትታጠፍ ነበር። ይህች ሰነፍ ናት? አስጠርቼ ሳነጋግራት ጉዳዩ ወጣ። መላምቷ የጠበቀችውን ውጤት አላሳየም። ፋይሉን በከፈተች ቁጥር «ፈታኞቹ ምን ይሉኛል» የሚል ፍርሃት ይይዛታል፤ ስትዘጋው ቀለል ይላታል።

ነገሩ ያለው እዚያ «ቀለል ይላታል» ላይ ነው። ፉሺያ ሲሮይስ እና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳስረዱት፣ ሥራን ማዘግየት ከጊዜ አጠቃቀም ይልቅ የስሜት አያያዝ ጉዳይ ነው። የምንሸሸው ሥራውን ሳይሆን ሥራው የሚቀሰቅስብንን ፍርሃት፣ መሰልቸት ወይም ግራ መጋባት ነው። ሽሽቱ ወዲያው እፎይታ ስለሚሰጥ ይለመዳል፤ ዕዳው ግን ወለድ ጨምሮ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ አዲስ ማስታወሻ ደብተር ገዝቶ ሰዓት በሰዓት የሚያሸበርቅ ሰንጠረዥ መሥራት፣ ብዙ ጊዜ ሌላ የመሸሻ መንገድ ነው።

ወላጆች ደውለው «አደራ፣ ይቆጡልኝ» የሚሉኝም በዚሁ ስሕተት ነው። ቁጣ በፍርሃት ላይ ፍርሃት ይጨምራል። ማይክል ዎል፣ ፒቺል እና ሻነን ቤኔት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናትን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለሁለተኛው ያዘገዩት ያነሰ ነበር። ራሳቸውን ሲወቅሱ የከረሙት ይህን አላገኙም። እኔም አልቆጣም። ልጅቷን ያልኋት «ምዕራፍ አራትን ጻፊ» ሳይሆን «ሠንጠረዥ 3ን ክፈችና ከሥሩ ያየሽውን ሁለት ዐረፍተ ነገር አድርገሽ ጻፊ» ነው። መላምት አለመደገፉም ግኝት መሆኑን ነገርኋት። ቀኑንና ቦታውንም አብረን ቆረጥን፦ «ጠዋት ቁርስ በልቼ እንዳበቃሁ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ፣ ሠንጠረዡን እከፍታለሁ»። እንዲህ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ማሰር የሥነ ልቡና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ዘዴ ነው፤ «በርትቼ እሠራለሁ» ከሚለው መሐላ እጅግ ይሻላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ገጽ ተኩል ይዛ መጣች። ጥሩ ገጽ ተኩል አልነበረም። ቀይ እስክሪብቶ የያዝሁት ለምን ሆነና?

«እኔ የምሠራው ጫና ሲኖርብኝ ነው።» ይህን የሚሉት ያለ ጫና ሠርተው የማያውቁ ናቸው፤ ታዲያ ከምን ጋር አወዳደሩት? ዳያን ታይስ እና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን በአንድ የትምህርት ወቅት ተከታተሉ። የሚያዘገዩት መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀትና ሕመም ነበራቸው። መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱም በለጡባቸው፤ ውጤታቸውም ዝቅ አለ። በጫና ከሚመጣው «ጥሩ ሥራ» እጄ የሚገባው አጠቃሎው (አብስትራክቱ) ላይ 120 መላሾች፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ 112 መላሾች ያለው ጽሑፍ ነው። ስምንቱ የት ሄዱ ብዬ ስጠይቅ ተማሪው ጣሪያ ያያል።

«ሁለት ሳምንት ብቻ ይጨመርልኝ።» ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ካናዳውያን ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን አሉ። ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ ሲባሉ ወደ 49 ቀን አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ቀን ስጨምር ቀኑን እበትነዋለሁ፦ ሰኞ ሠንጠረዡ፣ ሐሙስ ትንታኔው፣ በሚቀጥለው ሰኞ ማጠቃለያው። ባዶውን ሁለት ሳምንት የሰጠሁት ሰው በአሥራ ሦስተኛው ቀን ማታ ነው የሚጀምረው።

«ከበዓሉ በኋላ።» ከገና በኋላ ጥምቀት አለ፤ ከዚያ ጾሙ፣ ከዚያ ፋሲካው።

«ስሜቱ ሲመጣ እጽፋለሁ።» ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተጀመረ በኋላ ነው።

«የሐበሻ ጠባይ ነው።» ከላይ የጠቀስኋቸው ተመራማሪዎች አንዳቸውም ሐበሻን አላጠኑም።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ከመመረቂያ ጽሑፉ አልፎ ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ ወዳጅ ዘመዱም ከተተወ፣ ወይም ከልጅነት ጀምሮ አንድ ነገር ላይ ልብ ማሳረፍ ጨርሶ አልሆን ካለ፣ ያ በሠንጠረዥ 3 የሚፈታ ነገር አይደለም። ድባቴ ወይም የትኩረት እክል ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ተማሪ ከእኔ ቢሮ ይልቅ ወደ ሐኪም እልከዋለሁ፤ የማስረከቢያውን ቀን ደግሞ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ራሴ እነጋገራለሁ።