አይኢፓ ምንድን ነው? የትራምፕን ታሪፍ ፍርድ ቤት ያቆመው የአንድ ሕግ ታሪክ

መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ጆ ባይደን ቁጥሩ 14046 የሆነ ትዕዛዝ ፈረሙ። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ምክንያት «ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ» አወጁ። ያኔ ብዙ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። ጦርነቱ ኢትዮጵያ፣ አዋጁ ዋሽንግተን። አስቸኳይ የሆነው ለማን ነው? አሜሪካንስ ምን ነካት?

ነገሩ የሚገባው ከጀርባው ያለው ሕግ ሲታወቅ ነው። ሙሉ ስሙ የዓለም አቀፍ አስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ይባላል። አሜሪካኖች ግን የእንግሊዝኛውን ስም አሳጥረው «አይኢፓ» ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንበለው። ዶናልድ ትራምፕ በ2025 ታሪፍ፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚከፈል ቀረጥ፣ እየጣሉ የዓለምን ንግድ ያመሱት በዚሁ ሕግ ነው። በ2026 መጀመሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያቆማቸውም በዚሁ ጉዳይ ነው። (ከመጀመሪያው 2014 በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ ቀላል ነው። ፕሬዚዳንቱ ለአሜሪካ ደኅንነት፣ ለውጭ ፖሊሲዋ ወይም ለኢኮኖሚዋ «ያልተለመደና ከፍተኛ» አደጋ ከውጭ መጥቷል ብለው ያውጃሉ። ይፈርማሉ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ የውጭ ሰዎችንና መንግሥታትን ሀብት ማገድ፣ ገንዘብ እንዳይዘዋወር መከልከል፣ ዕቃ እንዳይገባ ማድረግ ይችላሉ። የኮንግረስን ፈቃድ አስቀድመው መጠየቅ አይጠበቅባቸውም። ማዕቀብ ሲባል የምንሰማው አብዛኛው ነገር ከዚህ ሕግ የሚወጣ ነው። በኖቬምበር 2021 የኤርትራ መከላከያ ሠራዊትና ገዢው ፓርቲ ማዕቀብ የተጣለባቸው በዚያው በ14046 ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል ሥልጣን ለአንድ ሰው የሰጠው ማን ነው? ራሱ ኮንግረስ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ሕጉን ያወጣው ፕሬዚዳንቱን ልጓም ለማስገባት ብሎ መሆኑ ነው።

ታሪኩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ይጀምራል። በ1917 ከጠላት ጋር መነገድን የሚከለክል ሕግ ወጣ። የጦርነት ጊዜ ሕግ ነበር። ግን እየተለጠጠ ሄደ። ሩዝቬልት በ1933 ጦርነት በሌለበት ባንኮችን ለመዝጋት ተጠቀሙበት። በኦገስት 1971 ደግሞ ኒክሰን ወደ አገር በሚገባ አብዛኛው ዕቃ ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣሉ። የሚገርመው፣ ሲጥሉ ይህን ሕግ በስም እንኳ አልጠሩትም። ጠበቆቻቸው ናቸው በኋላ ፍርድ ቤት ቆመው «ሥልጣኑ እኮ ከዚያ ሕግ ነው» ያሉት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ1975 ተቀበላቸው። ይህቺን ነገር ያዝ አድርጓት፣ በኋላ ትመለሳለች።

ከኒክሰን የዋተርጌት ቅሌት በኋላ ኮንግረስ ነቃ። በ1976 አስቸኳይ ሁኔታ እንዴት እንደሚታወጅና እንደሚነሳ የሚደነግግ ሕግ አወጣ። በዲሴምበር 1977 ደግሞ ጂሚ ካርተር አይኢፓን ፈረሙ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የ1917ቱ ሕግ ለእውነተኛ ጦርነት ይቀመጥ። በሰላም ጊዜ ግን ጠበብ ያለ ሥልጣን ይበቃል። ፕሬዚዳንቱ ካበዙት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ድምፅ አዋጁን ያነሱታል፤ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ አያስፈልግም።

ይህ ልጓም ስድስት ዓመት እንኳ አልቆየም። በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኬንያ የተወለደ፣ ለትምህርት አሜሪካ የሄደ አንድ ሰው ከአገር ይባረር አይባረር በሚል ክርክር ላይ ውሳኔ ሰጠ። ከንግድ ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም። ውሳኔው ግን ሰፊ ነበር። ኮንግረስ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ሳያቀርብ የአስፈጻሚውን ውሳኔ መሻር አይችልም አለ። ስለዚህ አስቸኳይ ሁኔታን ማንሳትም የፕሬዚዳንቱን ፊርማ የሚጠይቅ ሆነ። አዋጁን ያወጁት ሰውዬ እንዲነሳ ካልፈረሙ ደግሞ፣ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በዛሬው አሜሪካ ያን ያህል ድምፅ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ አዋጁ ይገባል እንጂ አይወጣም። ካርተር በኖቬምበር 1979 በኢራን ታጋቾች ጉዳይ ያወጁት የመጀመሪያው የአይኢፓ አስቸኳይ ሁኔታ በየዓመቱ እየታደሰ ዛሬም አለ። ታጋቾቹ የተፈቱት በ1981 ነው! የእኛውም ቢሆን የፕሪቶሪያ ስምምነት በኖቬምበር 2022 ከተፈረመ በኋላ፣ ባይደን ከሥልጣን እስኪወርዱ ድረስ በየመስከረሙ ይታደስ ነበር።

ወደ ታሪፉ እንምጣ። ከ1977 እስከ 2025 አንድም ፕሬዚዳንት አይኢፓን ለታሪፍ አልተጠቀመበትም። ትራምፕ በ2019 ሜክሲኮን አስፈራርተውበት ነበር፣ ሳይፈጽሙት ተዉት። በፌብሩዋሪ 2025 ግን ጀመሩ። መጀመሪያ ካናዳ፣ ሜክሲኮና ቻይና፤ ምክንያቱ ፌንታኒል የተባለው አደገኛ ዕፅ ነው ተባለ። ኤፕሪል 2 ቀን ደግሞ ዓለም በሙሉ። የዚህኛው ምክንያት የንግድ ሚዛን ጉድለት ነበር። አሜሪካ ከምትሸጠው በላይ የምትገዛ አገር ከሆነች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆናት ነው። ሃምሳ ዓመት የኖረ ነገር «ያልተለመደ» አደጋ ይባላል? ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ «ጅግራ ናት» ይሏታል እንደሚባለው ነው።

መነሻው ለሁሉም 10 በመቶ ሆነ፣ ኢትዮጵያም በዚህ ውስጥ ገባች። ትንሿ ሌሶቶ 50 በመቶ ተጻፈባት። ቻይና አጸፋ ስትመልስ በጥቂት ቀናት ውስጥ 145 በመቶ ደረሰች። በጁላይ ብራዚል 50 ተባለች፤ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ ፍርድ ቤት መቆማቸው ነው። አሜሪካ ከብራዚል ጋር ባላት ንግድ ደግሞ ትርፍ እንጂ ጉድለት የለባትም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ታሪፉን የሚከፍለው ብራዚል ወይም ቻይና አይደለም። ዕቃው ወደብ ሲደርስ ለጉምሩክ የሚከፍለው አሜሪካዊው አስመጪ ነው። ከዲሲ ወጣ ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ ከፍቶ በርበሬና ሽሮ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሐበሻም አስመጪ ነው። ከኪሱ ይከፍላል፤ ወይ ይችለዋል፣ ወይ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ቡና እንኳ ከታሪፉ ነፃ የተደረገው የቡና ዋጋ ሰዉን ካስመረረ በኋላ በኖቬምበር ነው።

ኮንግረስስ? ሴኔቱ በኤፕሪል 2025 የካናዳው አዋጅ ይነሳ ብሎ 51 ለ48 ድምፅ ሰጠ። የተወካዮች ምክር ቤቱ ግን ቀድሞ በሩን ዘግቶ ነበር። በ1976ቱ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ሐሳብ ከቀረበ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ድምፅ ሊሰጥበት ይገባል። የምክር ቤቱ መሪዎች በማርች ምን አደረጉ? ለዚህ ጉዳይ ሲባል እስከ ጉባኤው ማብቂያ ያሉት ቀናት እንደ ቀን አይቆጠሩም የሚል ደንብ አጸደቁ። እኛ ጳጉሜን ጨምረን ዓመቱን 13 ወር እናደርጋለን። እነሱ ወራቱን በሙሉ አጠፏቸው።

ሕግ አውጪው እንዲህ ሲሆን የቀረው ፍርድ ቤት ነበር። ከከሳሾቹ ውስጥ አንዱ ኒው ዮርክ ያለ፣ ቪ.ኦ.ኤስ. ሴሌክሽንስ የተባለ የወይን ጠጅ አስመጪ ነው። ሌላው ኢሊኖይ ያለ፣ ለርኒንግ ሪሶርስስ የተባለ የልጆች መማሪያ መጫወቻ የሚሠራ የቤተሰብ ድርጅት ነው። ሜይ 28 ቀን የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት ታሪፎቹ ሕገ ወጥ ናቸው አለ። የፈረዱት ሦስት ዳኞች አንዷ በሬገን፣ አንዱ በኦባማ፣ አንዱ በራሳቸው በትራምፕ የተሾሙ ነበሩ፣ ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ ነበር። በኦገስት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ 7 ለ4 አጸናው። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ታሪፉ መሰብሰቡን ቀጠለ።

የክርክሩ እምብርት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ ከውጭ የሚገባ ዕቃን «መቆጣጠር» ይችላሉ ይላል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ «መቆጣጠር» በሚለውና «ማስገባት» በሚለው መካከል 16 ሌሎች ቃላት አሉ። ቀረጥ ወይም ታሪፍ የሚል ቃል ሕጉ ውስጥ የለም። የመንግሥት ጠበቆች ዕቃ እንዳይገባ ጨርሶ መከልከል የሚችል ሰው፣ ቀረጥ መጣል እንዴት ያቅተዋል አሉ። የኒክሰኑን ጉዳይም መዘዙ፤ አይኢፓ እነዚህን ቃላት የወረሰው ከ1917ቱ ሕግ ነውና። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ የዋዛ አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ናቸው። ታሪፍ ግብር ነው፣ ግብር የመጣል ሥልጣንን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ለኮንግረስ ነው የሰጠው አሉ። ኮንግረስ ይህን የሚያህል ሥልጣን አሳልፎ ሊሰጥ ቢፈልግ በግልጽ ይናገር ነበር። ትራምፕ ከሾሟቸው ሦስት ዳኞች ሁለቱ፣ ጎርሰችና ባሬት፣ ከሮበርትስ ጋር ቆሙ። ሦስተኛው ካቫናው ከቶማስና ከአሊቶ ጋር የልዩነት ሐሳብ ጻፉ።

ፍርድ ቤቱ ያልነካውንም እዩ። የንግድ ጉድለቱ እውነት አስቸኳይ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ አልመለሰም። የማዕቀቡ ሥልጣን እንዳለ ነው። ነገ አንድ ፕሬዚዳንት ስለ አንድ አገር አዋጅ ቢያውጁ፣ 14046ን ያስቻለው በር ወለል ብሎ ክፍት ነው። በሌላ ሕግ የተጣሉት የብረት፣ የአሉሚኒየምና የመኪና ታሪፎችም አልተነኩም።

ትራምፕ በዳኞቹ ላይ ክፉኛ ተቆጡ። በዚያው ዕለት ግን ሌላ ወረቀት ፈረሙ። በ1974ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 122 መሠረት በሁሉም አገር ላይ 10 በመቶ ታሪፍ ጣሉ። ይህ አንቀጽ እስከ 15 በመቶ፣ ለ150 ቀን ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ኮንግረስ ካላራዘመው አይሆንም። አንቀጹ የተጻፈው የኒክሰን ቀረጥ ካስነሳው ክርክር በኋላ ነው።

በአይኢፓ ስም የተሰበሰበው ገንዘብ ከ130 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሮበርትስ የጻፉት ውሳኔ ይመለስ አይመለስ፣ እንዴትስ ይመለስ የሚለውን ሳይነካው አለፈ፤ ጣጣው ወደ ንግድ ፍርድ ቤቱ ተመለሰ። ተመላሽ የሚጠይቀውም ጉምሩክ ላይ የከፈለው አስመጪ ነው። በርበሬውን በጨመረው ዋጋ የገዛው ደንበኛ ደረሰኝ ቢይዝ እንኳ፣ ጉምሩክ የእሱን ስም አያውቀውም።