የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ፓኔል ዝርጋታና የኃይል አቅርቦት በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከቃሊቲ ተነሥቶ በአቃቂና በገላን በኩል እስከ ዱከም በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ የተተከሉ ፋብሪካዎች ማሽኖቻቸውን የሚያዙት በመቆጣጠሪያ ፓኔል ነው። ፓኔሉ ብሬከር (አደጋ ሲኖር ኃይል የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ኮንታክተር (ለሞተር ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ)፣ ኦቨርሎድ ሪሌ (ሞተር ከአቅሙ በላይ ሲጫነው የሚያስቆም)፣ ፓወር ሰፕላይ (ዝቅተኛውን ቮልቴጅ የሚያመነጭ)ና አብዛኛውን ጊዜ ፒኤልሲ (ማሽኑን በፕሮግራም የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) የሚገጠሙበት የብረት ሳጥን ሲሆን፣ ሞተሮችን የሚያዞረው የ380 ቮልት ሦስት ፌዝ (ሦስት የኃይል መስመር)፣ ቁልፎችን፣ ሴንሰሮችንና ፒኤልሲውን ከሚመግበው የ24 ቮልት ዲሲ (ቀጥታ ጅረት) ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛል። ሠራተኛው በእጁ የሚነካው ክፍል በዝቅተኛው ቮልቴጅ የሚሠራው ለሕይወቱ ሲባል ስለሆነ፣ የሁለቱ ሽቦዎች በተለያየ ቦይ ይዘረጋሉ፤ መገናኘታቸው ግድ በሆነበት ቦታም በመስቀልኛ እንዲያልፉ ይደረጋል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቦታው ከፍታ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ሙቀትን የመውሰድም ሆነ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ያንሳል። የኢንቨርተር (የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ አምፔር እንዲቀነስ በመመሪያቸው ማሳሰባቸው የተለመደ ሲሆን፣ የከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሚገኝ ቅናሹ ከ10 በመቶ ያልፋል። በሞተሩ ልክ የተገዛ ኢንቨርተር እዚህ ስለማይበቃ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መምረጥ ይገባል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽን በራሱ መነሣት የለበትም፤ ለምን እንደቆመ ለማየት እጁን የከተተ ሠራተኛ ሊኖር ይችላልና። ኮንታክተሩ በማስነሻው ቁልፍ ተነሥቶ በረዳት ኮንታክቱ (አብሮት በሚዘጋው ትንሽ ማገናኛ) ራሱን እንዲይዝ ሲደረግ፣ ኃይል ሲጠፋ ይለቃል፤ ዳግም የሚነሣውም ቁልፉ ሲጫን ብቻ ነው። የማቆሚያና የአደጋ ጊዜ ቁልፎች ደግሞ በዝግ ኮንታክት (ሳይነካ ኃይል በሚያሳልፍ፣ ሲጫን በሚያቋርጥ ማገናኛ) ስለሚያያዙ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ማሽኑ ይቆማል። ከመስመር ጥገና ወይም ከጀነሬተር ቅያሬ በኋላ አንድ ፌዝ ጎድሎ ሞተር ሊቃጠል፣ ወይም የፌዙ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ሞተሩ ወደ ኋላ ሊዞር ስለሚችል፣ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ጀነሬተር የሚገባው ሁለቱ ምንጮች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ በሚከለክል መቀያየሪያ ነው፤ አለዚያ ወደ መንገዱ መስመር የሚመለሰው ኃይል ምሰሶ ላይ የወጣውን የጥገና ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

አረንጓዴና ቢጫ መልክ ያለው የመሬት ሽቦ ከሞተሮቹ አካል ሌላ ከፓኔሉ በር ጋርም ይታሰራል። በአቃቂ አካባቢ የተንጣለለው መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በሐምሌ ተለክቶ ጥሩ ሆኖ የተገኘ የመሬት ዘንግ (የመሬት ሽቦው የሚያያዝበት የተቀበረ ብረት) በበጋ ከአፈሩ ሊላቀቅ ይችላል። ልኬቱ መደረግ ያለበት አፈሩ በደረቀበት ወቅት ነው።

ጥገና ሲጀመር ዋናው ብሬከር ጠፍቶ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ መክፈቻውም በሚሠራው ሰው ኪስ ይቀመጣል። ቴስተሩ አስቀድሞ ኃይል እንዳለ በታወቀ ቦታ ይፈተሻል፣ ከዚያ ፓኔሉ ይለካል፣ በመጨረሻም ቴስተሩ እንደገና ይፈተሻል። ኢንቨርተር ካለ ካፓሲተሮቹ ከጠፋም በኋላ ገዳይ ቮልቴጅ ይዘው ስለሚቆዩ፣ በአካሉ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 5 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ፣ ሳይሞላ ክዳኑ አይከፈትም።