«ትጹምና ይለቃታል» እና ሌሎች ምክሮች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በነርስነት ስሠራ አንድ ምክር ሰልችቶኛል። ልጃቸው ሌሊት እየተነሣች ዳቦውን፣ ስኳሩን፣ የተረፈውን ሽሮ ሁሉ እንደምትጨርስ የሚነግሩኝ ቤተሰቦች መፍትሔውን ይዘው ነው የሚመጡት፦ «ትጹምና ይለቃታል!»

ትንንሾቹን ስሕተቶች ላስቀድም። «ጥጋብ ነው» ይላሉ፤ አይደለም፤ ሰው ሳይርበው፣ ሆዱ እስኪያመው፣ ተደብቆ የሚበላው ራሱን መግታት አቅቶት ነው። ይህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ወር ከተደጋገመ ሐኪም ከልክ በላይ የመብላት ሕመም (binge eating disorder) ይለዋል። «ኮሶ ነው» ለሚሉም፣ ኮሶ አይደለም፤ ከተጠረጠረ ሰገራ ይመርመር፣ ነገር ግን ኮሶ በር አስዘግቶ ስኳር አያስቅምም። ይህ ሕመም ወፍራሙን ብቻ ሳይሆን ቀጭኑንም ይይዛል። «በስኳር ፋንታ የጎጃም ማር ብላ» ለሚሉም፣ የማራችን ጥሩነት ባይካድም የዓለም ጤና ድርጅት ቀንሱ ከሚለው ስኳር ውስጥ ማርንም ይቆጥራል።

ወደ ጾሙ ልመለስ። እኔም እጾማለሁ፤ ጾም ግን የዚህ ሕመም መድኃኒት ሆኖ አልተሠራም። ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰውነት ማታ ማዕድ ሲቀርብለት ልክ አያውቅም። የበላው ያሳፍረዋል፤ ኀፍረቱን በማግስቱ ረሃብ ሊክስ ይሞክራል፤ ረሃቡም መልሶ ሌሊት ያስነሣዋል። አንዲት መምህርት በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ አልበቃ ብሏት፣ ራሷን ለመቅጣት እስከ ምሽት ገፋችው። ባሰባት። ዘመዶቿ ምን አሉ? «ከልቧ ስላልጾመች ነው።» ደግነቱ የንስሐ አባቷ ከዘመዶቿ ይልቅ ቶሎ ገባቸውና መታመሟን ስትነግራቸው ሰዓቱን አሳጠሩላት። ሽሮውንና ምስሩን፣ የጾሙን ምግብ ሳትለቅ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስና እራት በሰዓታቸው መብላት ጀመረች። የሌሊቱ መነሣት አልጠፋም፣ ግን እየራቀ ሄደ።

ሕክምናውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ አለመቆየት፣ የበሉትንና ያኔ የተሰማቸውን መጻፍ፣ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ሐሳብንና ልማድን እየመረመሩ መነጋገር። ድብርት ካለም አብሮ ይታከማል። ስኳሩን ቁም ሣጥን ውስጥ የምትቆልፉ እናቶች ቁልፉን መልሱ፤ ልጅቱ ሱቅ ታውቃለች። እንዲህ ያመማት እንግዳ ስትመጣም «በሞቴ» እያላችሁ አታጉርሷት፤ ማዕዱን አቅርቡና የምትበላውን ራሷ ትለካ።