«ጠንካራ ውሃ» ምንድን ነው? ድሬ ላይ ቤቱ ቢራ ለሚጠምቅ

አቦ ድሬ ያደገ ሰው ስሙን ባያውቀውም ጠንካራ ውሃን ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ እንደ ቅርፊት የሚጋገረው ነጭ ነገር፣ ፀጉርህን ስትታጠብ ሳሙናው አረፋ እምቢ የሚልህ፣ የሻወሩ ቀዳዳ ቶሎ ቶሎ የሚደፈነው፣ ሁሉም እሱ ነው። እኛ «ውሃው ጨው አለው» እንላለን ግን ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው አይደለም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፣ ከመሬት ስር በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ድንጋዩን እያሟሟ ይዞት ይመጣል፣ ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ እዚህ ሲሚንቶ የሚመረተውም ድንጋዩ ስላለ ነው። ሐረር ያላችሁም ብትሆኑ ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ የተዘረጋው መስመር ውሃ የሚስበው ከድሬ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ነው። በልኬት ከሄድን በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች ለስላሳ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል።

ለቢራ ግን ጣጣው ካልሲየሙ አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካልሲየም ለብቅሉም ለእርሾውም ጥሩ ነው። ችግሩ ድንጋዩ ሲሟሟ አብሮት የሚመጣው ባይካርቦኔት የሚባለው ነገር ነው። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፈው ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩት ኢንዛይሞች ትንሽ አሲድነት ይፈልጋሉ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.2 እስከ 5.6 ሲሆን በደንብ ይሰራሉ፣ ባይካርቦኔቱ ደግሞ አሲዱን እየዋጠ ፒኤቹን ወደ ላይ ይወስደዋል፣ ያኔ ከብቅሉ ገለባ ታኒን የሚባለው ምላስ የሚጨብጥ ነገር መውጣት ይጀምራል። የመጀመሪያው ቢራዬ እንደዛ ነው የሆነብኝ። ነጣ ያለ ቢራ ነበር ያሰብኩት፣ የወጣው ግን ድፍርስ ያለ፣ ስትጠጣው እሳት ላይ ተረስቶ እንደቆየ ሻይ ምላስህን ጭብጥ የሚያደርግ። ሁለት ወር ሙሉ እርሾውን ስቀያይር ከረምኩ፣ ለካ ውሃው ነበር።

ጥቁር ቢራ ብትጠምቅ ግን ያው ውሃ ይስማማሃል። የተቆላ ብቅል የራሱ አሲድ ስላለው ባይካርቦኔቱን ያቻችለዋል። የደብሊን ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ከተማዋም ስታውት በሚባለው ጥቁር ቢራ ነው የታወቀችው፣ ቼክ አገር ያለችው ፒልዘን ደግሞ ውሃዋ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ነጩ ቢራ ተሳካላት። የኛ ጠላም ቢሆን ደረቆቱ ጠቆር ተደርጎ ነው የሚታመሰው፣ ሲብላላም ራሱ ይኮመጥጣል፣ እንደ ነጭ ቢራ ውሃ አይመርጥም።

ነጭ ቢራ ካማረህ ማፍላት ነው። ሰፊ ድስት ላይ ክዳኑን ከፍተህ ሩብ ሰዓት ያህል በደንብ አንተክትከው፣ ከዛ ሳትነካካው ይደር። ጠዋት ስታየው ድስቱ ስር ነጭ ዱቄት ተኝቷል፣ በጣትህ ስታሸው ልክ እንደ ጠመኔ ነው፣ እውነትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከላይ ከላይ ቀስ እያልክ ቅዳ፣ ከ20 ሊትር የመጨረሻዋን ሁለት ሊትር ለእቃ ማጠቢያ ተዋት፣ ከነዝቃጩ ከገለበጥከው ግን ልፋትህ ገደል ገባ። ማፍላት የሚያወርደው ከባይካርቦኔት ጋር የተያያዘውን ካልሲየም ብቻ ነው፣ ከሰልፌት ጋር ያለው እዛው ይቀራል፣ ለቢራ ደግሞ ይሄኛው አይጎዳም። ማፍላቱ ከሰለቸህ በታሸገ ውሃ ማቅጠን ነው፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብብና ባይካርቦኔቱ ዝቅ ያለውን ምረጥ፣ ባይካርቦኔት የሚባል ጭራሽ ከሌለው ውሃ ጋር እኩል በእኩል ብትቀላቅለው የቧንቧው በግማሽ ይወርዳል። አንዳንድ ቀመር ላይ ጂፕሰም (ካልሲየም ሰልፌት) ጨምሩ ሲል ታያላችሁ፣ እሱ ለምግብ የተዘጋጀው ነው፣ የግንብ ጀሶ እንዳትጨምሩ በፈጣሪ።

ክሎሪን ሌላ ጉዳይ ነው። ብቅሉ ውስጥ ካለው ፌኖል ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ የፋሻ፣ የክሊኒክ ሽታ ይፈጥራል፣ በጣም ትንሽ ሆኖ እንኳን አፍህ ላይ ይታወቅሃል፣ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ውሃውን ካፈላኸው ክሎሪኑም አብሮ ይሄዳል። ጎረቤቴ ያሉ ጠላ የሚጠምቁ እናት ግን አያፈሉትም፣ ማታ ሰፊ በርሜል ላይ ይቀዱና በነጠላ ሸፍነው ያሳድሩታል፣ «ሽታው ይውጣለት» ነው የሚሉት፣ በዚህ በድሬ ሙቀት እስኪነጋ እውነትም ይወጣለታል።